የሥራ ቦታ የጤና አገልግሎታችን ይሠራል ወይስ ሥራ ይበዛበታል? የኦዲት መንገዶች ንጽጽር

አንድ ድርጅት ስለ ጤና አገልግሎቱ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሠራተኛ ተመረመረ። ይህን ያህል ሰው ክሊኒክ መጣ። ይህን ያህል ሥልጠና ተሰጠ። ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ግን የሚነግሩን አገልግሎቱ ሥራ እንደሚበዛበት ብቻ ነው። በዚህ አገልግሎት ምክንያት የማን ጆሮ ተረፈ? የማን ሳንባ ዳነ? ወገቡን ያመመው ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ያው ዕቃ፣ በያው አኳኋን ነው የጠበቀው? ሪፖርቱ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ኦዲት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ችግሩ ኦዲት የሚባለው ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። ራስን መገምገም አለ። ከውጭ ኦዲተር ማስመጣት አለ። ባለሙያ የባለሙያን ፋይል የሚያይበት መንገድ አለ። ሠራተኛውን መጠየቅ አለ። የሕመምና የአደጋ ቁጥር መተንተን አለ። አንድን ግኝት ከተገኘበት ቀን ጀምሮ መጨረሻው የት እንደደረሰ መከተልም አለ። ወጪያቸው ይለያያል። የሚያሳዩትም የሚያልፉትም ይለያያል። የሰው ሀብት ኃላፊ ብትሆኑ፣ የደህንነት ባለሙያ፣ የሠራተኛ ማህበር ተወካይ ወይም ክሊኒኩን የምትመሩ ሐኪም ወይም ነርስ ብትሆኑ ምርጫው አንድ ቀን እናንተ ጋ ይመጣል።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ገንዘብም ጊዜም ለአንድ ብቻ ከበቃ የመጨረሻውን፣ ማለትም የአንድን ግኝት ዱካ መከተልን ምረጡ። ምክንያቱን እየሄድን እናየዋለን።

አገልግሎቱ የቆመው ለምንድን ነው?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ሙያ ጤና አገልግሎት ስምምነት ቁጥር 161ን አወጣ። ስምምነቱ አገልግሎቱን ሲተረጉም ተግባሩ በዋናነት መከላከል ነው ይላል። የሥራ ቦታን ሥጋቶች መለየትና መመዘን። የሥራ አካባቢውን መከታተል። ከሥራው ጋር በተያያዘ የሠራተኛውን ጤና መከታተል። ሥራውን ከሰው ጋር ማስማማት። አሠሪውንም ሠራተኛውንም ማማከር። የመጀመሪያ እርዳታ ማደራጀት።

ራስ ምታትና ጉንፋን ማከም ጥሩ ነገር ነው፤ ሠራተኛውም ይወደዋል። ግን ክሊኒኩ ቀኑን ሙሉ ኪኒን ሲያድል ውሎ ማንም ወደ ማምረቻው ክፍል ካልወረደ፣ ያለን ጥሩ ክሊኒክ ነው እንጂ የሙያ ጤና አገልግሎት አይደለም። ኦዲቱን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ነርሷ ወይም ሐኪሙ የሥራ ቦታውን በእግራቸው ዞረው ያዩት መቼ ነው? መልሱ ቶሎ ካልመጣ ብዙ ነገር ገና ሳትጀምሩ ታወቀ ማለት ነው።

ሌላው መነሻ የሕክምና ጥራት ሊቁ አቬዲስ ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው ክፍፍል ነው። ጥራትን በሦስት በኩል ማየት ይቻላል አለ፦ አደረጃጀት፣ አሠራር፣ ውጤት። አደረጃጀት ሲባል ባለሙያው፣ መሣሪያው፣ ክፍሉ ነው። አሠራር ሲባል ምን ተሠራ፣ እንዴት ተሠራ ነው። ውጤት ሲባል በሰው ጤና ላይ ምን ለውጥ መጣ ነው። እያንዳንዱ የኦዲት ዓይነት ከሦስቱ አንዱን አጥርቶ ያያል፣ ሌላውን በጭላንጭል። ንጽጽሩ በአብዛኛው እዚህ ላይ ያርፋል።

ራስን መገምገም

ርካሽ ነው። ዛሬ መጀመር ይቻላል። በየሦስት ወሩ ቢደገም ማንም አያስቸግርም። ክሊኒኩ መዝገቡን ስለሚያውቅ የጎደለውን ለማግኘት ጊዜ አይፈጅበትም።

ድክመቱም ግልጽ ነው፤ ራሱ ተከሳሽ ራሱ ዳኛ ይሆናል። ይህ ማለት ግን ሰዎቹ ይዋሻሉ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው መልሱ ሳይሆን አካፋዩ ነው። «የመስማት ምርመራ ሽፋናችን 98 በመቶ ነው» የሚል ሪፖርት ሲመጣ፣ 98 በመቶ የምን? በክሊኒኩ ዝርዝር ላይ ካሉት ነው? ዝርዝሩን ማን አወጣው? መቼ ታደሰ? ባለፈው ዓመት ከመጋዘን ወደ መፍጫ ክፍል የተዛወረው ሠራተኛ ስሙ ገብቷል? የኮንትራት ሠራተኞችስ? የማታ ፈረቃው? የጽዳት ሠራተኞቹ? አብዛኛውን ጊዜ ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጡት ናቸው ከዝርዝሩ ውጭ የሚቀሩት። ዝርዝሩ ከክሊኒኩ ሳይሆን ከድምፅና ከአቧራ ልኬቱ፣ ከደመወዝ መክፈያውና ከፈረቃ መርሐ ግብሩ ተነሥቶ ሲሠራ 98 የነበረው ወደ 60 ሊወርድ ይችላል። ያኔ ነው እውነተኛው ቁጥር የተገኘው።

ስለዚህ ራስን መገምገምን ከመረጣችሁ ሁለት ነገር ጨምሩ። ዝርዝሩን የሚያወጣው ከክሊኒኩ ውጭ ያለ ሰው ይሁን። ቆጠራው ላይ ደግሞ የሠራተኛ ተወካይ ይቀመጥ። የሚቆጠረው ሽፋን እንጂ የሰው ምርመራ ውጤት ስላልሆነ ምስጢር አይነካም። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ግምገማው ለይስሙላ ይሆናል።

የውጭ ኦዲትና የዕውቅና ምዘና

እዚህ ምድብ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይቀላቀላሉ። አንደኛው አይሶ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ባወጣው በአይሶ 45001 የሚደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር መለኪያ ነው። ኦዲቱ እንዴት ይካሄድ የሚለውን መመሪያ የያዘው አይሶ 19011 ነው። ሁለተኛው የሙያ ጤና አገልግሎቱን ራሱን የሚመዝን የዕውቅና ሥርዓት ነው። ለምሳሌ በብሪታንያ ሴኮስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የሚሠራበት፣ የአገልግሎቱን ደህንነት፣ ውጤታማነትና ጥራት የሚያይ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የአይሶ 45001 ኦዲተር የሚያየው ድርጅቱ ሥጋትን የሚያስተዳድርበትን ሥርዓት ነው። ፖሊሲ አለ? ኃላፊነቱ ተመድቧል? ግኝት ሲመጣ እርምጃው ይመዘገባል? ጤና አንዱ ክፍል ነው። ኦዲተሩ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ስላልሆነ የሕክምና ፋይል አይከፍትም፤ መክፈትም የለበትም። የሳንባ ምርመራው መደረጉን ያያል እንጂ በትክክል መደረጉን አያይም። የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ብቻ የክሊኒኩ ሥራ ተመዘነ ብለን ካሰብን ተሸወድን።

የውጭ ኦዲት ጥንካሬው ነፃነቱ ነው። ውስጥ ያለ ሰው ለመናገር የሚፈራውን ይጽፋል። የመለኪያ መሣሪያው ካሊብሬሽን (በትክክል መለካቱን ማረጋገጫው) ጊዜው አልፎበታል፤ የሐኪሙ ውል የሙያ ነፃነቱን አይጠብቅም፤ ፋይሎቹ የሰው ሀብት ክፍል ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከውጭ የመጣ ዓይን ቶሎ ይይዘዋል። አደረጃጀትን ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም። ውጤትን ለማየት ግን ደካማ ነው። ቀኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅም መሥሪያ ቤቱ ለእንግዳ ይሰናዳል።

አገልግሎቱ ከውጭ በኮንትራት የሚቀርብላችሁ ከሆነና አቅራቢ ለመምረጥ ከሆነ ይህ መንገድ ዋጋ አለው። ዕውቅና ያለው አቅራቢ ቢያንስ መሠረቱን አሟልቷል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ራሳችሁ ማየት አለባችሁ።

ባለሙያ የባለሙያን ፋይል ሲያይ

ይህ ክሊኒካል ኦዲት የሚባለው ነው። መስፈርት ይመረጣል። ከዝርዝሩ ያለ አድልዎ የተወሰኑ ፋይሎች ይወጣሉ። ሌላ የሙያ ጤና ሐኪም ወይም ነርስ እያንዳንዱን ከመስፈርቱ ጋር ያነጻጽራል። ለመጀመሪያ ዙር ከ20 እስከ 30 ፋይል ብዙ ነገር ያሳያል፤ መቶ ፋይል መጠበቅ አያስፈልግም።

የዚህ መንገድ ጉልበት ወረቀት የማያሳየውን ማሳየቱ ነው። የሳንባን አቅም የሚለካውን ስፓይሮሜትሪን እንውሰድ። ሠራተኛው አየር ስቦ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ቱቦው ይነፋል። ምርመራው እንዲታመን ቢያንስ ሦስት ተቀባይነት ያላቸው ንፊቶች ያስፈልጋሉ። ከነሱ መካከል ሁለቱ ትልልቆች በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ150 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። አሁን ፋይሉን ክፈቱና ግራፉን ተመልከቱ። አንድ ንፊት ብቻ ከሆነ የታተመው፣ ወይም መስመሩ መሐል ላይ በሳል ከተቆረጠ፣ ከሥሩ «መደበኛ» ተብሎ የተጻፈው ምንም አይናገርም። በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ ቢወርድ ሳንባው ነው የደከመው ወይስ ሰውየው በደንብ አልነፋም? ማወቅ አይቻልም። ያ ሁሉ ምርመራ፣ ያ ሁሉ ሰዓት ባዶ ቀረ ማለት ነው።

ሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ ነው። በመርፌ ሊወጋ የሚችል የጤና ባለሙያ ፋይል ላይ «ሦስት ክትባት ተሰጥቷል» የሚል ይገኛል። ጥሩ። ግን ክትባቱ ያዘ? ከመጨረሻው መርፌ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ የደም ምርመራ ተደርጎ የመከላከያው መጠን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ኦዲቱ «ተከተበ» የሚለውን ብቻ ከቆጠረ ሽፋኑ ያምራል። «ተከትቦ የተረጋገጠለት» የሚለውን ከቆጠረ እውነቱ ይወጣል።

መስፈርት ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ሕግ ያስቀመጠው ገደብና ጤናን የሚጠብቀው ገደብ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው፣ እርሳስ ስለተባለው መርዛማ ብረት የሚደነግገው የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ በአጠቃላይ ኢንዱስትሪ ውስጥ ሠራተኛው ከእርሳስ እንዲርቅ የሚያስገድደው በደሙ ውስጥ ያለው መጠን በዴሲ ሊትር 60 ማይክሮ ግራም ሲደርስ ወይም የቅርብ ምርመራዎቹ አማካይ 50 ሲደርስ ነው። ከዚህ በጣም ባነሰ መጠን እርሳስ የደም ግፊትንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ክሊኒኩ «ማንም ገደቡ ላይ አልደረሰም» ብሎ ቢያርፍ ሕጉን አልጣሰም። ሠራተኞቹ ግን 35 ላይ ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ። የኦዲቱ መስፈርት ሕጉ ብቻ ከሆነ ይህን አያይም። ስለዚህ «ከገደብ በላይ ስንት?» ብሎ ከመጠየቅ «አማካዩ ካለፈው ዓመት ወረደ ወይስ ወጣ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ምስጢር ላይ ቀልድ የለም። ፋይሉን የሚያየው የሙያ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት የጤና ባለሙያ ብቻ ነው። ስም ተሸፍኖ ቢሆን ይመረጣል። ለአስተዳደሩ የሚቀርበው ድምሩ እንጂ የሰው ታሪክ አይደለም። ይህን መጠበቅ ካልቻላችሁ ይህን መንገድ ተዉት። አንዴ የወጣ ምስጢር ክሊኒኩን ለብዙ ዓመት ይገድለዋል።

ሠራተኛውን መጠየቅ

አንዳንዶች ይህን እንደ ተጨማሪ ነገር ያዩታል። እኔ አልስማማም። ሠራተኛው ብቻ የሚያውቀው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ሕመሙን ለክሊኒኩ ይናገራል ወይስ ይደብቃል? የቆዳ ማሳከክ የጀመረው ሰው ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ከፈራ እጁን ኪሱ ከቶ ያልፋል። ያኔ ምርጥ ሐኪምና ምርጥ መሣሪያ ቢኖር ዋጋ የለውም።

ግን ምን እንደምትጠይቁ ዕወቁ። «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» የሚለው ጥያቄ ውሃ አያነሳም። ኪኒን ቶሎ የሚሰጥና የሕመም ፈቃድ በቀላሉ የሚጽፍ ክሊኒክ ሁሉም ይረካበታል። ከዚያ ይልቅ ነገሩን ቀጥ አድርጎ መጠየቅ ነው። የመጨረሻው ምርመራ ውጤትዎ ተነግሮዎታል? ምን ማለት እንደሆነ ገብቶዎታል? ምርመራው በሥራ ሰዓት ነበር? ከደመወዝዎ ተቆርጧል? ለሐኪሙ የነገሩት ነገር ወደ አለቃዎ ይደርሳል ብለው ይሰጋሉ? ክሊኒኩ ካየዎት በኋላ በሥራ ቦታዎ የተለወጠ ነገር አለ?

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። ስምምነት ቁጥር 161 የጤና ክትትሉ ሠራተኛውን ደመወዝ እንዳያሳጣው፣ በነፃ እንዲሆንና በተቻለ መጠን በሥራ ሰዓት እንዲደረግ ይላል። የአገልግሎቱ ባለሙያዎች ሠራተኛው ከሥራ የቀረበትን ምክንያት እንዲያጣሩ በአሠሪው መታዘዝ የለባቸውም ይላል። ይህን ሁለተኛውን ደጋግማችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ «በእውነት ታሞ ነው?» ብሎ አጣሪ ከሆነ፣ ሠራተኛው ከዚያ በኋላ እውነቱን አይነግረውም።

መጠይቅ ወረቀት ብዙ ሰው ይደርሳል፤ ጥልቀት ግን የለውም። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ያለበት ውይይት ጥልቀት አለው፤ አለቃ ከተቀመጠበት ግን ሁሉም ዝም ይላል። ጠያቂው ከአስተዳደሩ ውጭ ይሁን። የማታ ፈረቃውን በማታ ጠይቁ። ትንሽ ክፍል ከሆነ ደግሞ መልሱን በክፍል ከፋፍላችሁ አታውጡ፤ አምስት ሰው ባለበት ክፍል ማን ምን እንዳለ ወዲያው ይታወቃል።

የውጤት ቁጥሮች

አስተዳደሩ ይህን ይወዳል። የሕመም ፈቃድ ቀነሰ ወይስ ጨመረ? አደጋ ቀነሰ? ወጪው ተመለሰ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ቁጥሩን ማንበብ ግን ከሚመስለው በላይ ይከብዳል።

የሕመም ፈቃድ በአለቃ ባህሪ፣ በደመወዝ ደንብ፣ በወረርሽኝና በሥራ መጥፋት ፍርሃት ይወጣል ይወርዳል። ቁጥሩ ስለወረደ አገልግሎቱ ሠራ ማለት አይቻልም። ሰዎች ታመው ወደ ሥራ እየመጡ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የጤነኛ ሠራተኛ ውጤት የሚባለው ወጥመድ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው በጥቅሉ ከሕዝቡ ይልቅ ጤነኛ ነው፤ የታመመው አስቀድሞ ወጥቷልና። አቧራው ሳንባውን የጎዳው ሠራተኛ ሥራውን ለቆ ሄዷል። የቀሩት ሲመረመሩ ቁጥሩ ያምራል። ስለዚህ የወጡትንም ቁጠሩ። ከየትኛው ክፍል ሰው ቶሎ ይለቃል? ለምን?

የጊዜ ጉዳይም አለ። በአስቤስቶስ የሚመጣው ሜሶቴሊዮማ የተባለው ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከተጋለጡ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ይታያል። ዛሬ «አንድም የካንሰር ታማሚ የለም» የሚል ሪፖርት ስለ ዛሬው ጥበቃ ምንም አይመሰክርም። እንዲህ ባለው ቦታ መለካት ያለበት በሽታው ሳይሆን መጋለጡ ነው። አየሩ ውስጥ ምን ያህል አለ?

አንድ ነገር ደግሞ ሰውን ያስደነግጣል። አገልግሎቱ ሲሻሻል የሪፖርት ቁጥር መጀመሪያ ይጨምራል። ሠራተኛው ሲያምን ይናገራል። የቆዳ ችግር ካለፈው ዓመት በእጥፍ ተመዘገበ ማለት ቆዳው ባሰበት ማለት ላይሆን ይችላል፤ ይደበቅ የነበረው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ይህን አስቀድማችሁ ለአስተዳደሩ ንገሩ። አለበለዚያ ጥሩ የሠራውን ክሊኒክ ይቀጡታል።

ቁጥር ከመረጣችሁ ለሥራው ቅርብ የሆነውን ምረጡ። በቡድን ደረጃ የደም እርሳስ አማካይ። ከመነሻ ምርመራው ጋር ሲነጻጸር የመስማት ለውጥ ያሳዩ ሰዎች ብዛት። የቆዳ ቅሬታ ከቀረበበት ቀን እስከ ኬሚካሉ የተቀየረበት ቀን ያለው ጊዜ። እነዚህ ከጠቅላላ የሕመም ቀን ይልቅ ይናገራሉ።

በነገራችን ላይ አንዳንድ ድርጅቶች ለሁሉም ሠራተኛ አጠቃላይ ምርመራ በየዓመቱ ይገዙና ይህንን ነው የሙያ ጤና የሚሉት። ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሽንት፣ ራጅ። ኮክሬን የተባለው የጥናት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣውና በ2019 ባደሰው ግምገማ፣ እንዲህ ያለው አጠቃላይ ምርመራ ሞትን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ገንዘቡ ሥራው ለሚያመጣው አደጋ ተብሎ በተመረጠ ምርመራ ላይ ቢውል ይሻላል። ኦዲቱ ይህን ይጠይቅ፦ እያንዳንዱ ምርመራ የሚፈልገው የትኛውን የሥራ አደጋ ነው? መልስ ከሌለው ለምን ይደረጋል?

ዱካ መከተል

አሁን ወደ ምርጫዬ መጣሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ግኝት ይያዝና የት እንደደረሰ ይታያል።

በማሽን ድምፅ በሚናጥ ክፍል የሚሠራ ሰው ፋይል ተከፈተ እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ ግራፍ) ላይ መስመሩ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በሁለተኛው ዓመት 4000 ሄርዝ ላይ፣ ማለትም በቀጭኑ ድምፅ በኩል፣ ትንሽ ሰርጎድ ብሏል። በሦስተኛው ዓመት ስርጉዱ ጠልቋል፤ 8000 ላይ መስመሩ መልሶ ቀና ይላል። ይህ ቅርጽ በድምፅ ምክንያት የሚመጣ የመስማት ጉዳት የታወቀ ምልክት ነው። ከግራፉ ሥር የተጻፈውን አንብቡ። ሦስቱም ዓመት ላይ ያው ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የጆሮ መከላከያ እንዲጠቀም ተመክሯል።» ቀን አለ። ፊርማ አለ። ማህተም አለ።

በራስ ግምገማ ይህ ፋይል ያልፋል፤ ምርመራው በየዓመቱ ተደርጓል። በውጭ ኦዲትም ያልፋል፤ መዝገቡ ተሟልቷል። ሠራተኛው ቢጠየቅ ነርሷ ደግ ናት ይላል። ጆሮው ግን እየሄደ ነው።

ዱካውን የሚከተል ኦዲተር እዚህ አያቆምም። የአሜሪካ ደንብ በ2000፣ 3000 እና 4000 ሄርዝ ከመነሻው በአማካይ 10 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ለውጥ ሲኖር ሠራተኛው በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲነገረው ያዛል። እዚህ ተነገረው? ከዚያስ? ሰውየውን ሳይጠቅስ፣ «በዚህ ማሽን ዙሪያ የሰው ጆሮ እየተጎዳ ነው» የሚል መልእክት ለደህንነት ክፍሉ ደረሰ? የድምፅ ልኬት ተደገመ? በዚያው ማሽን ዙሪያ የሚሠሩት የሌሎቹ ኦዲዮግራም ተያይዞ ታየ? ማሽኑን ማሸግ፣ መለወጥ፣ ማራቅ ታሰበ? የጆሮ መከላከያ በመከላከያ ቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው፤ ከሱ በፊት አደጋውን ማስወገድ፣ በሌላ መተካት፣ በምህንድስና መቀነስና የሥራ አደረጃጀትን መለወጥ አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ክሊኒኩ ሥራውን ሠርቶ መንገዱ እንደተቋረጠ ነው። ነርሷ ጽፋለች፤ ወረቀቱ የሰው ሀብት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ወይም ምህንድስና ክፍሉ ደርሶት በጀት የለም ተብሏል። ስለዚህ ይህ ኦዲት ክሊኒኩን ብቻ አይመዝንም። ድርጅቱ ክሊኒኩን ይሰማል ወይስ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል የሚለውንም ይመዝናል። ለዚህ ነው አንዳንድ ኃላፊዎች የማይወዱት። ለዚሁ ነው እኔ የምመርጠው።

ከሌላኛው ጫፍ መነሳትም ይቻላል። ከሥጋት ግምገማው ላይ አንድ አደጋ ይመረጥና ወደ ፋይሉ ይኬዳል። ለምሳሌ ሆስፒታል ውስጥ የመርፌ መወጋት። የአደጋ መዝገቡ ላይ የተወጋበት ሰዓት አለ። ለኤችአይቪ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ቶሎ፣ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር አለበት። የመጀመሪያው ኪኒን የተዋጠው በስንት ሰዓቱ ነው? አደጋው ቅዳሜ ማታ ቢሆንስ? መድኃኒቱ የተቆለፈበት ቁልፍ ማን ጋ ነበር? አንድ ዱካ ብቻ ተከትላችሁ የሌሊቱን ክፍተት ታገኙታላችሁ።

ድክመት የለውም አልልም። ጥቂት ጉዳዮችን ብቻ ያያል፤ መቶኛ አያወጣም። የሚመረጡት ፋይሎች ቀድመው የተስተካከሉ ከሆኑ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ኦዲተሩ ራሱ ይምረጥ። ጊዜም ይወስዳል፤ አንድ ዱካ ሦስት አራት ክፍል ያዞራል። የሕክምና ፋይሉን የሚያየው የጤና ባለሙያ፣ ማሽኑንና በጀቱን የሚከታተለው የደህንነት ባለሙያ ሆኖ ሁለት ሰው ቢሠራው ምስጢሩም ይጠበቃል።

እንግዲህ የትኛውን?

ትንሽ መሥሪያ ቤት ከሆናችሁና ክሊኒክ የሌላችሁ፣ አገልግሎቱን ከውጭ የምትገዙ ከሆነ፣ ትልቅ ኦዲት አያስፈልጋችሁም። ሦስት ወይም አራት ዱካ ተከተሉ፤ ሠራተኞቹን ሰብስባችሁ ጠይቁ። ይበቃል። በውሉ ውስጥ ግን አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ አቅራቢው ዓመታዊ የቡድን ውጤት እንዲሰጥ፣ ሥራ ቦታውን ዞሮ እንዲያይና ኦዲት ሲመጣ ናሙናውን ራሱ እንዳይመርጥ።

ትልቅ ድርጅት ከሆናችሁ ማቀላቀል አይቀርም። ሽፋኑን ክሊኒኩ በየሦስት ወሩ ይቁጠር። ፋይሎቹን በየዓመቱ ሌላ ባለሙያ ይይ። ዱካ ግን በየወሩ አንድ ይከተሉ፤ ልማድ ሲሆን ማንም አይደነግጥም። የውጭ ኦዲት ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት አንዴ ቢሆን አይጎዳም።

ጥርጣሬ ካለ ለየት ይላል። ሠራተኛው ክሊኒኩን አያምንም የሚል ወሬ ካለ ቁጥር አትቁጠሩ፤ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ጠያቂውም ከውጭ ይሁን። የምርመራው ጥራት አጠራጣሪ ከሆነ የፋይል ኦዲት ነው መልሱ። ክሊኒኩ «እንጽፋለን፣ የሚሰማን የለም» ካለ ዱካ ተከተሉና እውነቱን አውጡ። አስተዳደሩ ወጪውን ሊቆርጥ አስቦ ማስረጃ ከፈለገ የውጤት ቁጥር መቅረቡ አይቀርም፤ ያኔ ከላይ ያነሳኋቸውን ወጥመዶች ከቁጥሩ ጋር አያይዛችሁ አቅርቡ።

የኦዲቱን ሪፖርት ማን ያገኘዋል የሚለውን ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ። አስተዳደሩም፣ የደህንነት ኮሚቴውም፣ የሠራተኛ ተወካዮችም ሊያገኙት ይገባል። ስምምነት ቁጥር 161 የአገልግሎቱ ባለሙያዎች ከአሠሪውም ከሠራተኛውም ሙሉ የሙያ ነፃነት እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ ሪፖርቱ አንድ መሳቢያ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ይህ ነፃነት በተግባር የለም።

ሪፖርቱ ላይ ሃያ ምክር አትደርድሩ። ሦስት ወይም አራት ይበቃል፤ እያንዳንዱ የሚፈጽመው ሰውና ቀን ይኑረው። ሁለተኛው ልኬት በያው መስፈርት፣ በያው የአመራረጥ ዘዴ ይደረግ፤ መስፈርቱ ከተለወጠ መሻሻሉ አይታወቅም። ጊዜውን ግን እንደ ነገሩ ለዩ። የክሊኒኩ ደብዳቤ ምህንድስና ክፍሉ ጋ መድረሱን በሦስት ወር ውስጥ ማየት ይቻላል። የማሽኑ ድምፅ መቀነሱ ልክ ማሸጊያው እንደተገጠመ ይለካል። የሰዎቹ ጆሮ መጎዳቱን ማቆሙ ግን የሚታየው ቢያንስ የሚቀጥለው ዓመት ኦዲዮግራም ሲወጣ ነው፤ ያንን ቀን ከአሁኑ መርሐ ግብር ላይ አስገቡት።